ኮሪደር ላይ የተቀዳው ሸክላ

ሲልቨር ስፕሪንግ ዛሬ የሐበሻ ሰፈር ናት። ከዋሽንግተን ድንበር እልፍ ብላ የምትገኘውን ይህችን የሜሪላንድ ከተማ በክትፎ ቤቷ፣ በእንጀራ መሸጫዋ ወይም እዚያ በሚኖር ዘመድ በኩል የማያውቃት አንባቢ ጥቂት ነው። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር 1973 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በዚያች ከተማ ዲ ኤንድ ቢ ሳውንድ በሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ሁለት ወጣቶች አንድ አልበም ቀዱ። ክፍሉ በጣም ጠባብ ስለነበር አብረው ሲሠሩ አንደኛው ኮሪደሩ ላይ መቆም ነበረበት። ብራያን ጃክሰን «ዘ ቦትል» በተሰኘው ዘፈን ላይ ፍሉቱን የነፋው ከመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሞ ነው። ጊል ስኮት-ሄሮንም ሁለት ዘፈኖችን ከዚያው ቦታ ሆኖ ዘፍኗል።

አልበሙ «ዊንተር ኢን አሜሪካ» ይባላል። ዛሬ ጃዝን፣ ሶልን፣ ሂፕ ሆፕንና በቃል የሚወርድ ግጥምን አዋሕዶ በራሱ ገንዘብ የሚቀዳ፣ ሥራውንም ራሱ የሚሸጥ ሙዚቀኛ በኒው ዮርክም በለንደንም ሞልቷል። አዲስ አበባም በራስ ሆቴል የግጥም በጃዝ ምሽቶች አማካይነት ከዚህ ቅይጥ ጋር ተዋውቃለች። የቅይጡን አባት ፍለጋ ብዙ ተወርቷል፤ ሥራው የማን ንብረት ነው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ጥያቄው በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር።

ግጥምን በጃዝ ማንበብ በጊልና በብራያን አልተጀመረም። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ በ1958 ከጃዝ ሙዚቀኛው ከቻርልስ ሚንገስ ጋር ሆኖ ግጥሞቹን በሸክላ አስቀርጿል። በሜይ 19 ቀን 1968 ደግሞ፣ በማልኮም ኤክስ የልደት ቀን፣ ሃርለም በሚገኝ መናፈሻ ጥቂት ወጣቶች በከበሮ ታጅበው ግጥም አሰሙ፤ ስማቸውም «ዘ ላስት ፖየትስ» ሆነ። ስሙን የወሰዱት አሜሪካ በስደት ይኖር ከነበረው ደቡብ አፍሪካዊ ገጣሚ ከኬኦራፔትሴ ክጎሲትሲሌ ግጥም ነው። የዚህ ገጣሚ ልጅ ከዓመታት በኋላ ኧርል ስዌትሸርት በሚል ስም የታወቀ ራፐር ወጣው። የአባት ሙያ በዚህ መንገድ ለልጅ ይተላለፋል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም።

ጊል ስኮት-ሄሮን በ1949 ቺካጎ ተወለደ። አባቱ ጃማይካዊ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ በ1951 ለግላስጎው ሴልቲክ በመሰለፍ የክለቡ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኗል። ልጁን ግን ያሳደጉት በቴኔሲዋ ጃክሰን ከተማ የሚኖሩት አያቱ ሊሊ ስኮት ናቸው። እማማ ሊሊ በጎረቤታቸው ካለው የቀብር አስፈጻሚ ቤት ያገለገለ ፒያኖ ገዙለት። ላንግስተን ሂዩዝ በጋዜጣ ላይ የሚጽፈውን ዓምድም አብረውት ያነቡ ነበር። አያቱ ሲሞቱ ወደ እናቱ፣ ወደ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ሄደ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ጊዜው ሲደርስ የመረጠው ሂዩዝ የተማረበትን፣ ፔንሲልቬኒያ የሚገኘውን ሊንከንን ነው።

ሊንከን ላይ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው ፒያኖና ፍሉት የሚጫወተው ብራያን ጃክሰን ነው። ሁለተኛው በ1969 ዘ ላስት ፖየትስ ለተማሪው ያቀረቡት ዝግጅት ነው፤ ጊል ዝግጅቱ እንዳለቀ ሄዶ እንደ እናንተ ዓይነት ቡድን ማቋቋም እችላለሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

የሳክስፎን ተጫዋቹን የኮልትሬንን ሸክላዎች ያዘጋጀው ቦብ ቲል በዚያን ጊዜ ፍላይንግ ደችማን የተባለ የራሱን አሳታሚ አቋቁሞ ነበር። ጊል ዘፈኖቹን ይዞ ሲቀርብ፣ ቲል ለባንድ የሚሆን ገንዘብ እንደሌለው ነገረው። መጀመሪያ ግጥምህን እንቅዳ፤ ከተሸጠ ሙዚቃው ይከተላል አለው። ግጥሙ በ1970 በከበሮ ታጅቦ ወጣ። በዓመቱ ደግሞ ሮን ካርተር በቤዝ፣ ሂዩበርት ሎስ በፍሉት፣ በርናርድ ፐርዲ በድራም የተሳተፉበት «ፒስስ ኦቭ ኤ ማን» ተከተለ። በጃዝም በሶልም እንዲህ ያለ አጃቢ ያገኘ የሃያ ሁለት ዓመት ገጣሚ አላውቅም።

ከፍላይንግ ደችማን ጋር የነበረው ውል ሲያበቃ ሁለቱ ጓደኛሞች ወደ ስትራታ-ኢስት ሄዱ። ይህን ድርጅት በ1971 ኒው ዮርክ ላይ ያቋቋሙት መለከት ነፊው ቻርልስ ቶሊቨርና ፒያኒስቱ ስታንሊ ካውል ናቸው። አሠራሩ ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነበር። ሙዚቀኛው በራሱ ወጪ ቀድቶ የተጠናቀቀ ቴፕ ያመጣል፤ ድርጅቱ አሳትሞ ያከፋፍላል። የገቢው ትልቁ ድርሻ የሙዚቀኛው ነው፤ ዋናው ቴፕም ከእጁ አይወጣም። ሙዚቀኛው ነጻ የሚሆነውን ያህል ኪሱም ይራቆታል። ርካሹ ስቱዲዮ፣ ኮሪደሩ፣ ቤዝና ድራም በበርካታ ዘፈኖች ላይ አለመኖራቸው፣ ሁሉም የዚህ አሠራር ውጤት ነው። የአልበሙ ውበት የመጣው ከዚያ መራቆት ይመስለኛል፤ ኤሌክትሪክ ፒያኖውና ድምፁ ምንም ሳይሸፍናቸው ይሰማሉ።

ጊል በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ፌደራል ሲቲ ኮሌጅ ያስተምር ነበር። «ዘ ቦትል»ም የመጣው ከሰፈሩ ነው። ከቤቱ ጀርባ ካለው መጠጥ መሸጫ ደጃፍ ጠዋት ጠዋት ባዶ ጠርሙስ ይዘው የሚሰለፉ ሰዎችን ያያል። ቀርቦ ሲያወራቸው አንዱ ሐኪም፣ ሌላው የአየር በረራ ተቆጣጣሪ እንደነበሩ ተረዳ። ሰዎቹ በዘፈኑ ውስጥ ገቡ፤ ዳንስ ቤቱም የስካርን መከራ እየሰማ ጨፈረ። ያው አልበም ስለ ዋተርጌት ቅሌት የሚቀልድ፣ ዜማ የሌለው ረጅም ንግግርም ይዟል።

በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ወጣት ከዚሁ የባለቤትነት ጉዳይ ጋር ይታገል ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 በድፍረት የራሱን አምሃ ሪከርድስ ከፈተ፤ የዓለማየሁ እሸቴንም ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ አስመጣ። በደርግ ዘመን የተሰደደው ወደዚያው ወደ ዋሽንግተን ነው። ሁለቱ ወገኖች ስለመተዋወቃቸው ማስረጃ የለም፤ ከተማይቱ ግን አንድ ናት።

ስኬት ለስትራታ-ኢስት ራስ ምታት ሆነበት። «ዘ ቦትል» ሲፈለግ ትንሹ ድርጅት ሸክላ አትሞ ማዳረስ አቃተው። ጊልና ብራያን አሳታሚው ክላይቭ ዴቪስ አዲስ ወዳቋቋመው አሪስታ ተሻገሩ። በአሪስታ ባወጡት የመጀመሪያ አልበም ላይ «ዊንተር ኢን አሜሪካ» የተባለው ዘፈን አለ፤ በስሙ በተጠራው በቀደመው አልበም ውስጥ የለም። ይህም ሰብሳቢዎችን እስከ ዛሬ ያደናግራል።

ሂፕ ሆፕስ? ዲጄ ኩል ኸርክ ብሮንክስ ውስጥ ያዘጋጀው፣ የሂፕ ሆፕ ልደት ተደርጎ የሚቆጠረው ጭፈራ ኦገስት 11 ቀን 1973 ነበር። የሲልቨር ስፕሪንግ ቀረጻ ከዚያ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ተጀመረ። ጊል የራፕ አባት ሲባል አይወድም ነበር፤ ራሱን የብሉዝ አጥኚ ብሎ ይጠራ፣ ከእሱ በፊት የነበሩትንም ያስታውስ ነበር። ራፐሮቹ ግን አልተዉትም። ኮመን በ2007 «ዘ ፒፕል» በተባለው ሥራው፣ ካኒዬ ዌስት በ2010 አልበሙ መዝጊያ ላይ ቀረጻዎቹን ወስደው ተጠቀሙባቸው።

የኮሪደሩ ቁጠባ ፍሬ የታየው ዘግይቶ ነው። አሪስታ በ1985 ካሰናበተው በኋላ ጊል ለረጅም ዓመታት አዲስ አልበም አላወጣም፤ ሱስና እስር ሕይወቱን አመሱት። ያም ሆኖ በ1998 «ዊንተር ኢን አሜሪካ»ን፣ በልጆቹ በሩማልና በጊያ ስም በሰየመው በራሱ ድርጅት አማካይነት እንደገና ለገበያ አቀረበ። በሜይ 2011 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያርፍ ዜናው በአብዛኛው ስለ አንድ ሰው አወራ። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ብራያን ጃክሰን ስሙ ከጊል ስም ጎን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በዚያ አልበም ሽፋን ላይ ነበር፤ ከዜማውም ግማሹ የእሱ ልፋት ነው። ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁለቱንም ስም ይጥራ። ጃክሰን በ2022 «ዚስ ኢዝ ብራያን ጃክሰን» የሚል አዲስ አልበም አውጥቷል።