የስለት ዋጋ፤ ከተፈጥሮ ድንጋይ እስከ ሰው ሠራሽ አልማዝ

ቢላ ሲሳል የሚከናወነው ሥራ በመሠረቱ ቀላል ነው። የብረቱ ሁለት ጎኖች በአንድ ቀጭን መስመር ላይ እስኪገናኙ ድረስ ይሞረዳሉ። መስመሩ እየቀጠነ በሄደ መጠን ቢላው ስል ይሆናል፤ መስመሩ ሲጠፈጠፍ ወይም ሲታጠፍ ደግሞ ይደነዝዛል። በሚገባ የተሳለ ምላጭ ጫፉ ከ1 ማይክሮን፣ ይኸውም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ውፍረት አለው። ከዚህ የምንረዳው አንድ የመሳያ መሣሪያ ሁለት ነገሮችን ማሟላት እንዳለበት ነው። አንደኛ፣ ብረቱን ለመብላት ከብረቱ የጠነከረ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ቅንጣቶቹ ደቃቅና እርስ በርሳቸው እኩል መሆን አለባቸው፤ አለዚያ አንዲት ትልቅ ቅንጣት ሌሎቹ ያቀኑትን መስመር ትጭረዋለች።

የሰው ልጅ እነዚህን ሁለት ነገሮች አሟልቶ ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በመንገዱም ላይ አያሌ ሠራተኞች ዋጋውን በሳንባቸው ከፍለዋል። መሳያ ድንጋይን መምረጥ እንደ ቀላል የጓዳ ጉዳይ የሚታይ ቢሆንም፣ ታሪኩ ሲመረመር የቴክኒክና የሠራተኛ ደኅንነት ታሪክ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስለት መሳያ አላስፈለገውም። በአገራችን ስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ አካባቢ በሚገኘው ጋደሞታ፣ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ባልጩት ሲሰበር በራሱ ስል ነው፤ ሲደንዝም በጥቂቱ ይፈለጥና አዲስ ስለት ያወጣል። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያቸውን ጠርዙን እየፈለጡ የሚያድሱበትን ሙያ እስከ ቅርብ ዘመን ይዘውት እንደቆዩ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ብረታ ብረት ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ብረት አይፈለጥም፤ ይሞረዳል እንጂ። ስለሆነም ብረትን የሚያውቅ ሕዝብ ሁሉ ብረትን የሚበላ ድንጋይ መፈለግ ነበረበት።

ፍለጋው ቀደም ብሎ የንግድ ጉዳይ ሆነ። ሮማዊው ጸሐፊ ትልቁ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ድንጋዮች ሲጽፍ መሳያዎችን በዘይት የሚሠሩና በውኃ የሚሠሩ ብሎ ከፍሏቸዋል። ከዘይቶቹ የቀርጤስን፣ ከውኃዎቹ የናክሶስን ደሴት ድንጋይ አስቀድሞ ይጠቅሳል። በኖርዌይ ኤይድስቦርግ ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይወጣ የነበረው ድንጋይ ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር። የቤልጅግ አርዴን ተራሮች ኮቲኩል የተባለውን ቢጫ ድንጋይ ሰጡ፤ በውስጡ ያሉት የጋርኔት ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው የጢም መላጫ ለመሳል ተመራጭ ነበር። አሜሪካ የአርካንሳስን ድንጋይ፣ ጃፓን የኪዮቶን ተራሮች ድንጋይ አበረከቱ። ሁሉም ግን አንድ የጋራ ችግር ነበረባቸው። ተፈጥሮ በልክ አትሠራምና ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሁለት ድንጋዮች እንኳ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ገዢው የሚተማመነው በሻጩ ቃልና በራሱ ጣት ነበር።

የተፈጥሮ ድንጋይ ትልቁ ጉዳት ጎልቶ የታየው በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ነው። ሼፊልድ በቢላዋ የታወቀችው ከጥንት ነው፤ ባለቅኔው ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈው ሥራ ውስጥ የሼፊልድ ቢላ ተጠቅሷል። ከተማይቱ ከኮረብታ የሚወርዱ ወንዞች፣ በአቅራቢያዋም ለመሳያ የሚሆን የአሸዋ ድንጋይ ነበራት። ወንዙ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ መንኮራኩሩም ትልቁን ክብ ድንጋይ ያሽከረክራል። ሠራተኛው በኮርቻ ላይ እንደ ተቀመጠ ፈረሰኛ ከድንጋዩ ኋላ ተፈናጥጦ፣ ፊቱን ወደ ድንጋዩ ደፍቶ ብረቱን ይጫናል። ፍጥነቱን ያልቻለ ድንጋይ አንዳንድ ጊዜ ፈንድቶ ሠራተኛውን ይገድለው ነበር።

ይሁን እንጂ ከሚፈነዳው ድንጋይ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው አቧራው ነበር። የአሸዋ ድንጋይ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። ኳርትዝ ደግሞ ሲሊካ ነው፤ ደቅቆ ሲተነፈስ በሳንባ ውስጥ ይቀርና ሳንባውን ያጠነክረዋል፣ ያቆስለዋል። ዛሬ ሲሊኮሲስ የሚባለውን ይህን በሽታ ሼፊልዶች የሳዮች አስም ይሉት ነበር። በወንዝ ዳር በሚሠራበት ዘመን በበጋ ውኃ ሲጎድል ሥራው ይቋረጥ ስለነበር ሠራተኛው በግድም ቢሆን ንጹሕ አየር ያገኝ ነበር። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእንፋሎት ሞተር ሲገባ ግን ድንጋዩ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይዞር ጀመር፤ ሠራተኞቹም በጠባብ ክፍሎች ታጨቁ።

የሼፊልዱ ሐኪም ዶክተር አርኖልድ ናይት የጉዳቱን መጠን በአሠራሩ ዓይነት ለይቶ አስቀመጠ። እርሱ እንደጻፈው፣ ሹካ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት ከ28 እስከ 32 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ይሞታሉ። መላጫ በደረቅም በእርጥብም የሚስሉት ከ40 እስከ 45 ይደርሳሉ። የገበታ ቢላ በእርጥብ ድንጋይ የሚስሉት ደግሞ ከ40 እስከ 50 ዓመት ይኖራሉ። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ቁጥሮች አቅርቧቸዋል። ለመሐንዲስ ዓይን ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ከተማው አንድ፣ ድንጋዩ አንድ፣ ድህነቱም አንድ ሆኖ ሳለ፣ በድንጋዩ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ የአንድን ሰው ዕድሜ በ10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያራዝም ነበር።

መፍትሔው አልታጣም። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጆን ሄንሪ ኤብርሃም የተባለ የሼፊልድ ሰው የብረት ብናኝን የሚስብ የማግኔት መከላከያ ሠርቶ ነበር። ማግኔቱ የብረቱን ብናኝ ቢይዝም የድንጋዩን ግን አይዝም፤ ገዳዩ ደግሞ የድንጋዩ ነበር። ከዚያም አቧራውን ከድንጋዩ ሥር ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ተሞከረና ጥሩ ውጤት ሰጠ። ሆኖም ብዙዎቹ ሠራተኞች አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው በሩቁ ለሚያይ ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ሥራው ገዳይ መሆኑ ከቀረ ብዙ ሰው ወደ ሙያው ይጎርፋል፣ ደመወዛችንም ይወድቃል የሚል ነበር። ሰው የራሱን ሞት እንደ ደመወዝ መጠበቂያ እንዲቆጥር ያደረገው አለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ ማኅበሩ በሕግ ያልተጠበቀ፣ ገቢው በየሳምንቱ የሚዋዥቅ ሠራተኛ መሆኑም ጭምር እንጂ።

የሕጉ ክፍተት ያስከተለው ሌላ መዘዝም ነበር። መዋጮውን ያልከፈለ ሠራተኛ ድንጋዩን የሚያዞርበት ጠፍር በሌሊት ይሰረቅበት ነበር። ነገሩ እየከፋ ሄዶ በጥቅምት 1866 በሄርፎርድ ጎዳና በአንድ መጋዝ ሳይ ቤት ውስጥ ባሩድ ፈነዳ። በ1867 በተካሄደው ይፋ ምርመራ የመጋዝ ሳዮች ማኅበር ጸሐፊ ዊልያም ብሮድሄድ በእንደዚህ ያሉ ድርጊቶች እጁ እንዳለበት አመነ። ጉዳዩ መላ አገሪቱን አነጋገረ፤ በ1871ም የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ ታወቁ።

የድንጋዩን ታሪክ የለወጠው ግን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። በ1891 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ፣ በሞኖንጋሂላ ከተማ፣ ቀደም ሲል ከኤዲሰን ጋር የሠራው ኤድዋርድ ጉድሪች ኤቺሰን ሸክላ አፈርና የድንጋይ ከሰል ኮክ በብረት ሳሕን ውስጥ ደባልቆ በኤሌክትሪክ ኃይል አነደደው። ከካርቦኑ ዘንግ ጋር ተጣብቀው የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ቅንጣቶችን አገኘ፤ ቅንጣቶቹ መስተዋት ይጭሩ ነበር። ካርቦንና ኮረንደም የተዋሐዱ መስሎት ካርቦረንደም ብሎ ሰየማቸው። ግምቱ ስሕተት ነበር፤ ያገኘው ሲሊከን ካርባይድ ነው። ስሙ ግን እንደ ተሳሳተ ቀረ። የፈጠራ መብቱን በየካቲት 1893 ካስመዘገበ በኋላ፣ ኩባንያው በ1895 ርካሽ ኃይል ወዳለበት ወደ ናያግራ ፏፏቴ ተዛወረ። የሚያስገርመው ነገር የአዲሱ መሳያ ጥሬ ዕቃ ያው የቀድሞው አሸዋ መሆኑ ነው፤ አሸዋውና ኮኩ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚደርስ ሙቀት ሲዋሐዱ ሌላ ቁስ ይሆናሉ።

ብዙም ሳይቆይ ቻርልስ ጄከብስ ቦክሳይትን በኤሌክትሪክ ምድጃ አቅልጦ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሠራ፤ የማሳቹሴትሱ የኖርተን ኩባንያ በ1901 መብቱን ገዝቶ አለንደም በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። በታኅሣሥ 1954 ደግሞ ትሬሲ ሆል በጄኔራል ኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ሰው ሠራሽ አልማዝ አገኘ። በ1957 በዚያው ኩባንያ ሮበርት ዌንቶርፍ ከአልማዝ ቀጥሎ የሚጠነክረውን ኪዩቢክ ቦሮን ናይትራይድ ሠራ። እንግዲህ ከ1891 እስከ 1957 ባሉት 66 ዓመታት ውስጥ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጉድጓድ ጥገኝነት ወጥቶ በልክ የሚሠራ፣ በወንፊት የሚለይ መሳያ ባለቤት ሆነ።

ዛሬ ቢላን እጅግ ስል ለማድረግ የሚፈልግ ሰው በምን መመዘኛ ይምረጥ? ቀዳሚው መመዘኛ የብረቱ ዓይነት ነው። በኖፕ መለኪያ የኳርትዝ ጥንካሬ 820 ያህል፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ 2100፣ የሲሊከን ካርባይድ 2500 ገደማ ሲሆን፣ አልማዝ ከ7000 ይበልጣል። የጠነከረ የቢላ ብረት 700 ገደማ ነው። ስለዚህ ተራ የካርቦን ብረትን የወንዝ ድንጋይም ይስለዋል። ዳሩ ግን በአዳዲስ ብረቶች ውስጥ የሚገኘው ቫናዲየም ካርባይድ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይጠነክራል። እንዲህ ያለውን ብረት በተፈጥሮ ድንጋይ የሚስል ሰው በዙሪያው ያለውን ለስላሳ ብረት ይበላል እንጂ ካርባይዱን አይቆርጠውም፤ አልማዝ ወይም ቦሮን ናይትራይድ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መመዘኛ የቅንጣት መጠን ነው፤ እዚህ ላይ ገዢውን የሚያሳስት ነገር አለ። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው 1000 የሚል ቁጥር በሁሉም አገር አንድ ትርጉም የለውም። በጃፓን ደረጃ 1000 ማለት አማካይ መጠኑ 11.5 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት ነው። በአውሮፓ የመሳያ ድንጋይ ደረጃ ኤፍ 1000 ግን 4.5 ማይክሮን ሲሆን፣ በብራና ወረቀት ደረጃ ፒ 1000 ደግሞ 18.3 ማይክሮን ነው። ስለሆነም አስተዋይ ባለሙያ ቁጥሩን ትቶ ማይክሮኑን ይጠይቃል።

ሦስተኛው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ሻካራው ድንጋይ ሁለቱን ጎኖች ያገናኛል፤ መገናኘታቸው የሚታወቀው በተቃራኒው ጎን በጣት የሚዳሰስ ቀጭን የብረት ጭራ ሲወጣ ነው። ይህ ሳይሆን ወደ ደቃቁ ድንጋይ መሻገር ዱልዱሙን ማሳመር ብቻ ነው። ደቃቁ ድንጋይ የሻካራውን ጭረት ያጠፋል፤ በመጨረሻም ጭራው መነሣት አለበት። አሜሪካዊው የብረታ ብረት ሊቅ ጆን ቨርሆቨን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው ባዶ ቆዳ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ ክሮሚየም ኦክሳይድ የተቀባ ቆዳ ግን የጫፉን ውፍረት ወደ ግማሽ ማይክሮን ያወርደዋል። እንግዲህ ትልቁ ሚስጥር ውድ ድንጋይ መግዛት ሳይሆን፣ አንዱን ደረጃ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አለማለፍ ነው።

አራተኛውን መመዘኛ ያስተማረን ሼፊልድ ነው፤ እርሱም የሳዩ ሳንባ ነው። ሰው ሠራሽ ድንጋዮች የኳርትዝን አቧራ ከሳዩ ፊት በእጅጉ አራቁለት፤ ይሁንና አደጋው ከዓለም አልጠፋም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1997 የሚተነፈስ ክሪስታላዊ ሲሊካን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መደበው። ኳርትዝን በሙጫ አጣብቆ የሚሠራው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ድንጋይ ወጣት ቆራጮችን በሲሊኮሲስ ስለጣለ፣ አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አግዳዋለች። የሼፊልድ ሹካ ሳዮች ታሪክ ከ200 ዓመት በኋላ በሌላ ዕቃ ተደገመ ማለት ነው። መድኃኒቱም ያው ቀድሞ የታወቀው ነው፤ ውኃ፣ አቧራውን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገዳዩን ቁስ በሌላ መተካት።

በሼፊልድ በፖርተር ወንዝ ዳር ሼፐርድ ዊል የተባለው ጥንታዊ የመሳያ ቤት ዛሬ በሙዚየምነት ይጎበኛል። የውኃው መንኮራኩር አሁንም ይዞራል፤ ድንጋዮቹና ሠራተኞቹ ይፈናጠጡባቸው የነበሩት መቀመጫዎች በቦታቸው አሉ። ወደ ቤቱ የሚገባ መሐንዲስ ማሽኑን ማድነቁ አይቀርም። ከማሽኑ ቀጥሎ ሊመለከተው የሚገባ ግን ከመቀመጫው እስከ ድንጋዩ ያለውን ርቀት ነው። አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ የሰውየው አፍና አፍንጫ የነበሩት እዚያ ነው።