«ፖሲብል» ስለሚባለው ቃል

ነገን ማወቅ ለሰው አልተሰጠውምና፥ ማንኛውም ሕዝብ ጥርጣሬውን የሚገልጥበት ቃል በየቋንቋው አለው። በእንግሊዝኛ ከነዚህ ዋናዎቹ «ፖሲብል» እና «ፕሮባብል» ናቸው። ሁለቱም ከላቲን የተወረሱ ሲሆኑ ፍቻቸው ግን ይለያያል። «ፖሲብል» «መቻል» ከሚለው ግሥ ስለ ወጣ፥ ነገሩ ሊሆን መቻሉን ብቻ ይነግራል እንጂ መጠኑን አይሰፍርም። «ፕሮባብል» ግን «መርምሮ ማጽደቅ» ከሚለው የመጣ ነውና፥ ቀድሞ ሊቃውንት የተቀበሉትን ሐሳብ ያመለክት ነበር። ፈረንሳውያኑ ፓስካልና ፌርማ በ1654 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቁማር ድርሻ ተጻጽፈው የዕድልን ሒሳብ ከመሠረቱ በኋላ፥ ቃሉ ቀስ በቀስ በቍጥር ወደሚለካ ግምት አዘነበለ።

መጠን የሌለው ቃል ለመንግሥት ሥራ ሲውል ምን እንደሚያስከትል፥ በ1951 በዋሽንግተን የሆነው ያስረዳናል። ዩጎስላቪያ በ1948 ከስታሊን ጋር ስለ ተጣላች፥ ሞስኮና ተከታዮቿ ይወጓት ይሆን የሚለው ጥያቄ የአሜሪካንን መንግሥት አሳስቦት ነበር። የማዕከላዊው የስለላ ድርጅት የግምት ክፍልም፥ በዚያው ዓመት ወረራ መደረጉ እንደ «ብርቱ ፖሲቢሊቲ» ሊቈጠር ይገባል ሲል ጻፈ። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ የውጭ ጉዳይ ሹም የሐረጉን ፍች ከክፍሉ ሹማምንት አንዱ የሆነውን የታሪክ ሊቅ ሸርማን ኬንትን ጠየቀው። ኬንት ግምቱ 65 ለ35 መሆኑን ቢነግረው ሰውየው ደነገጠ፤ እሱና ባልደረቦቹ ከዚያ እጅግ ያነሰ አድርገው ተረድተውት ነበርና። ኬንትም ጽሑፉን አብረውት ያዘጋጁትን ቢጠይቅ፥ አንዱ 80 ለ20 ሲል ሌላው 20 ለ80 አለ። በቃሉ የተስማሙት ሰዎች በነገሩ አልተስማሙም ነበር።

ያ ወረራ ሳይደረግ ቀረ። በ1961 ግን የኩባን ወረራ የመረመሩት የጦር ሹማምንት ጕዳዩ «ደኅና ዕድል» እንዳለው ጻፉ። ጸሐፊው ከመቶ 30 ያህል ማለቱ ነበር፤ ቍጥሩ ግን በጽሑፉ አልገባም። 1,400 ያህል ሰዎች የዘመቱበት ወረራ በሦስት ቀን ውስጥ ከሸፈ።

ኬንት በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ ለየቃሉ መጠን ሰጠ፤ «ፕሮባብል» ከመቶ 75 ገደማ ይሁን፥ «ፖሲብል» ግን ያለ ቅጽል ብቻውን ይነገር አለ። ቍጥርን የሚሹትን «የሒሳብ ሰዎች»፥ የቃልን ነጻነት የሚሹትን «ባለቅኔዎች» ብሎ ሰየማቸው፤ ባለቅኔዎቹም በቀላሉ አልተረቱለትም።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። «ይሆናል» የምንለው አንዳንዴ ቍርጥ ተስፋ፥ አንዳንዴ «ምናልባት» ነው። «ሳይሆን አይቀርም» ደግሞ በፊደሉ እርግጥ መስሎ በአነጋገር ግምት ነው። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ጌጥ ነው፤ ለመዝገብ ግን ዕዳ ነው። ሰሚው የወደደውን እንዲሰማ የሚፈቅድ ቃል፥ ጸሐፊውን ከተጠያቂነት ያድነው እንደ ሆነ እንጂ አገርን አያድንም። ስለዚህ በሪፖርት ላይ «ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ፥ ምን ያህል እንደሚጠራጠር ጨምሮ ሊገልጥ ይገባዋል እንላለን።