የኮሶ ምሬትና የሞለኪዩል ቅርጽ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ኮሶዬ ሲደርስ ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ማየቱ አይቀርም። ስለ ገደሉ ብዙ ይወራል፤ በቦታዋ ስም ውስጥ ስላለው ዛፍ ግን የሚያወሳ ጥቂት ነው።

ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን ኮሶ የቤት ሐኪም ነበር። የሴቴዋን ዛፍ አበባ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ በባዶ ሆድ መጠጣት፤ ከዚያ ትሉ እስኪወጣ መጠበቅ። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዛፉን ከነሥዕሉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ያገሬው ሰው በስሙ ሲጠራው የኖረ ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ ሀጌንያ ተባለና የአንድ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ መታሰቢያ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ትሉን የሚያስወጣው ምኑ ነው? «ምሬቱ ነዋ!» ይሉናል። ኬሚስትሪ ግን ሌላ መልስ አለው። በ1868 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ላይ ክረም ብራውንና ፍሬዘር የተባሉ ሊቃውንት ስትሪክኒንን ጥቂት ለውጠው ለእንስሳት ቢሰጡ፣ የሚያንፈራግጠው መርዝ ጡንቻ የሚያዝል ሆነ። እንግዲህ የአንድ ቅመም ሥራ ከሞለኪዩሉ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው።

ይህን ይዘን ኮሶን አውሮፓውያን ለዚሁ ትል ሲጠጡት ከኖሩት የፈርን ሥር ጋር እናስተያየው። ፈርን አበባ እንኳ የለውም፤ ኮሶ ደግሞ ከጽጌረዳ ወገን ነው። በዘር አይገናኙም። ነገር ግን የፊንላንድ ኬሚስቶች በ1970ዎቹ የኮሶን ቅመሞች ሲመረምሩ ያገኙት በፈርኑም ያለውን ነው፦ ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት፣ ሁለት ሦስት ሆኖ በአንዲት ካርቦን ድልድይ የተጋጠመ።

የተመሳሰለው ታዲያ ፈውሱ ብቻ አይደለም። ፈርኑ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ አውሮፓ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቅ ነበር። በኮሶ መመረዝ ስለሚመጣ የዓይን ጉዳት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የተጻፈው ግን በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለቱ ሥዕል ቀደም ብሎ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ኖሮ «የዚህኛውስ ጠጪ ዓይን እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም ነበር።

በእርግጥ ሥዕል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ መመርመር የሚገባውን ይጠቁማል እንጂ። አያቶቻችን ኮሶን የለኩት በእፍኝና በልምድ ነው፤ አደገኛነቱንም አላጡትም። ዛሬ ክኒን ተተክቶበታል። በየጓዳው ያለው ሌላው ሥራሥርና ቅጠል ግን ገና ይጠጣል። አወቃቀሩን ቀድሞ ማንበብ የኛ የተማሪዎቹ ዕዳ ነው፤ አለዚያ ጉዳቱን የምንማረው እንደ ኮሶው ከጠጪው ላይ ይሆናል።