«ሥነ ሕይወት» እና «የአካባቢ ሳይንስ»፦ የሁለት የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች ስያሜ ታሪክ

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የትምህርት ተቋም የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞቹን ማስታወቂያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድንመልስለት ጠይቆን፥ አንዱን ትምህርት «ሥነ ሕይወት»፥ ሁለተኛውን «የአካባቢ ሳይንስ» ብለን ሰጠነው። ማስታወቂያው ከሆለታ እስከ አምቦ ባሉት ከተሞች ተለጠፈ። በኋላ በጊንጪ በኩል ባዮሎጂ የሚያስተምሩ አንድ መምህር አግኝተውን፥ «የአካባቢ ሳይንስ የሚለውን ባይ ጊዜ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛ መስሎኝ አለፍሁት» አሉን። ሊማሩት ይመኙ የነበረው ግን ስለ ውሃ ብክለትና ስለ አፈር መከላት ነበር። ምዝገባው ስላለፈባቸው አንድ ዓመት ጠበቁ። ጥፋቱ የመምህሩ አልነበረም፤ የእኛ ነበር።

መምህሩ እንደዚያ ማሰባቸው ምክንያት ነበረው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ሕፃናት «የአካባቢ ሳይንስ» የተባለ ትምህርት ተቀርጾ ነበር። የሰውነት ክፍሎች፥ የቤት እንስሳት፥ የአየር ጠባይ፥ የመንደሩ ተራራና ወንዝ ተጠቃለው የሚሰጡበት ትምህርት ነው። በምዕራብ ሸዋ ሕፃናቱ ይህንኑ የሚማሩት በኦሮምኛ «ሳይንሲ ናኖ» በሚል ስም ነበር። ስለዚህ አንድ ስም በአንድ በኩል የሰባት ዓመት ሕፃን ደብተር ላይ፥ በሌላ በኩል በሁለተኛ ዲግሪ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። እንግሊዝኛውም ለሁለቱ አንድ ስም ስለሚጠቀም ተርጓሚው ችግሩን ከዚያው ከምንጩ ይወርሳል፤ ነገር ግን የአማርኛው አንባቢ ከእንግሊዝኛው አንባቢ ይልቅ ይጎዳል። ምክንያቱም በአማርኛ «አካባቢ» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ቦታ የማይረጋ ነው። «በ1970 አካባቢ»፥ «ሦስት ሰዓት አካባቢ»፥ «በገበያው አካባቢ» እንላለን። ግምትን የሚያመለክት ቃል የሳይንስ ስም ሲሆን ሳይንሱም ግምት ይመስላል።

«ሥነ ሕይወት» ግን ሌላ ዕድል ገጥሞታል። በአውሮፓ ቃሉ በዛሬው ትርጉሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1802 ሲሆን፥ ፈረንሳዊው ላማርክና ጀርመናዊው ትሬቪራኑስ በየፊናቸው ጽፈውታል። በእኛ ዘንድ «ሥነ» ከግእዙ «ሥን» የመጣ ነው፤ ውበት፥ ደም ግባት ማለት ነው። «ሥነ ፍጥረት» ሲባል ቀድሞ የፍጥረት ውበትና ሥርዓት ነበር እንጂ ስለ ፍጥረት የሚደረግ ምርምር አልነበረም። ከ«ሥነ ሥርዓት» እና ከ«ሥነ ምግባር» እየተሻገረ «ሥነ ጽሑፍ» ላይ ደረሰ፤ ከዚያም የሳይንስ ቃላት ሠሪዎች የግሪኩን መድረሻ ለመተካት አነሡት። ዛሬ «ሥነ» ሲባል ውበት የሚታየው አንባቢ ጥቂት ነው። እኛ ግን ይህን የትርጉም ለውጥ እንደ ጥፋት አንቆጥረውም፤ ቃል የሚኖረው እንዲህ ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፦ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመው መምህር ዛሬም «ባዮሎጂ» ይላል፤ «ሥነ ሕይወት» በመዝገበ ቃላትና በማስታወቂያ ላይ ይቀራል።

ከአምቦ አንጻር ይህ ትንሽ ያስፈግጋል፤ የከተማዋ የቀድሞ ስም «ሀገረ ሕይወት» ነበርና። በዚያች ከተማ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በየዘመኑ ስሙና ተጠሪነቱ እየተለዋወጠ ኮሌጅ፥ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የትምህርቱ መነሻ እርሻ መሆኑ ለቃላት ታሪክ ጠቃሚ ነው። በአምቦና በሆለታ የምርምር ጣቢያዎች ስለ ሕይወት ያለው ነገር የሚነገረው በአዝመራ፥ በአረም፥ በዋግ፥ በተባይ ስም ነው፤ እነዚህን ገበሬው ያውቃቸዋል፥ ማንም አካዳሚ አልሠራቸውም።

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በአገራችን የጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፥ ቀድመው ከተጀመሩት ትምህርቶች አንዱ ባዮሎጂ ነበር። የዶክትሬቱ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1987 ተከተለ። «ድኅረ ምረቃ» የሚለው ቃል ራሱ ማየት ይገባዋል። አሜሪካኖች ተመራቂ ብቻ ሲሉ እንግሊዞች «ከ . . . በኋላ» የሚል መነሻ ይጨምራሉ፤ አማርኛው የእንግሊዞቹን መንገድ ተከትሎ «ድኅረ» አለ። «ምረቃ» ግን ከየትም አልተዋሰም። «መረቀ» የሽማግሌ ቃል ነው። ኦሮምኛውም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ «ኤባ» ምርቃት ነው፥ ከኮሌጅ መመረቅም ከእርሱ በወጣ ግስ ይነገራል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ የተገናኙበትን ቃል ማንም ሊነካው አይገባም።

የአካባቢ ሳይንስ በከፍተኛ ትምህርት ራሱን ችሎ የቆመው ከባዮሎጂ ብዙ ዘግይቶ ነው። ስያሜውን ያጸናው ግን ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለረጅም ዓመታት የመሩት ዕውቁ የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ሲሆኑ፥ እርሳቸው አስቀድመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲንና የብሔራዊው የዕፅዋት ቤተ መዘክር ኃላፊ ነበሩ። የአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ሁለቱን ትምህርቶች ያገናኛል ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጡ በኋላ «አካባቢ» የሕግ ቃል ሆነ። በነጋሪት ጋዜጣ የታተመን ቃል በቃላት ኮሚቴ መለወጥ አይቻልም፤ ቢቻልም አይበጅም።

ነገሩ ከቃሉ መቅደሙንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ዋና ከተማቸውን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር የተነሡት የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እየራቀ ስለ ሄደ ነበር። ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ የዛሬው ዋና ከተማ በአምቦ መንገድ ላይ በሆነ ነበር። ለዚያ ችግር በጊዜው የሳይንስ ስም አልነበረውም፤ «እንጨት ጠፋ» ብቻ ይባል ነበር።

በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለቃላት ሠራተኛ ለማስረዳት ከጭሊሞ ደን የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ደኑ ከጊንጪ በላይ፥ በአዋሽ ራስጌ ነው። የሥነ ሕይወት ተማሪ ወደዚያ ሲገባ ጽዱን፥ ዝግባውን፥ ወይራውን ይለያል፤ ይቆጥራል፤ የትኛው ዘር እንደሚበቅል፥ የትኛው እንደሚመክን ይመረምራል። ለእርሱ የስም ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ተዘጋጅቶ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የላቲኑን ስም ከአገሬው ስም ጋር አስቀምጦለታል፤ «ወይራ» በኦሮምኛ «ኤጀርሳ»፥ «ዝግባ» «ቢርቢርሳ» መሆኑን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ግን ወደዚያው ደን ሲገባ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ውሃው ወዴት ይወርዳል? አፈሩ ምን ይዞ ይሄዳል? ደኑን ማን ይጠቀምበታል፥ ማንስ ይጠብቀዋል? እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጭሊሞ የተሞከረው «አሳታፊ የደን አስተዳደር» የዚህ ትምህርት ጉዳይ ነው። ከኬሚስትሪ፥ ከጂኦሎጂ፥ ከባዮሎጂ የመጣ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። አንዱ ትምህርት ወደ ውስጥ ይጠብባል፤ ሌላው ወደ ጎን ይሰፋል። የጊንጪው መምህር ሊመርጡ ይገባቸው የነበረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር፤ የእኛ ትርጉም ግን ምርጫውን ሸሸገባቸው።

በመካከላቸው «ሥነ ምኅዳር» አለ። ጀርመናዊው ሄከል እ.ኤ.አ. በ1866 ቃሉን ሲሠራ መነሻ ያደረገው ቤት የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክ ቃል ነው። «ምኅዳር» ደግሞ ከ«ኀደረ» የወጣ፥ ማደሪያ ማለት ነው። በእኛ ግምት በሳይንስ አማርኛ ከተሠሩት ቃላት ሁሉ የተሳካው ይህ ነው፤ ለቀሳውስቱም ለባዮሎጂ መምህሩም ይገባል። «ብዝኀ ሕይወት» ይከተለዋል፤ የመንግሥት ተቋም ስም ስለሆነ ሕዝቡ ለመደው። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች የአካባቢ ሳይንስን «ሥነ ምኅዳር» ብለው ሲመልሱ ባየን ጊዜ ደንግጠናል። ሥነ ምኅዳር የሥነ ሕይወት ቅርንጫፍ ነው፤ የፋብሪካን ፍሳሽ መለካት ወይም የተጽዕኖ ግምገማን ሕግ ማጥናት በእርሱ ሥር አይገባም።

ምን ይሻላል? «ሥነ ከባቢ» እንድንል የሚያሳስቡ የሥራ ባልደረቦች አሉን። «ከባቢ» እና «አካባቢ» ሁለቱም ከ«ከበበ» የወጡ ናቸው፤ «ከባቢ አየር» ከተለመደም ቆይቷል። በኦሮምኛ «ናኖ» እንዲሁ ከመዞር ግስ የመጣ ስለሆነ የሐሳቡ ዝምድና አይጠፋም። ቢሆንም አንድ ችግር አለ፦ አዋጁ «አካባቢ» ሲል ዲግሪው «ከባቢ» ቢል፥ ተመራቂው የሚያመለክተው መሥሪያ ቤትና የያዘው ወረቀት በስም ሊለያዩበት ነው። የጊንጪውን መምህር ይህን ብንጠይቃቸው፥ «ስሙን ተዉት፤ ከስሙ ሥር ምን እንደሚማሩበት ሁለት መስመር ጻፉ» አሉን። እናታቸውም ምን እንደሚማሩ ሲጠይቋቸው «የጭሊሞን ውሃ» ብለው እንደሚመልሱ ነገሩን።

እኛም ለጊዜው በዚሁ ረግተናል። በመዝገበ ቃላት ካርዶቻችን ላይ «የአካባቢ ሳይንስ» በሁለት ቁጥር ተከፍሎ ገብቷል፤ «1. የአንደኛ ደረጃ ጥምር ትምህርት፤ 2. የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ፥ የውሃን፥ የአፈርን፥ የአየርንና የሕያዋንን ግንኙነት ከሰው ሥራ አንጻር የሚያጠና» ይላል። «ሥነ ከባቢ» ደግሞ «የቀረበ ሐሳብ» የሚል ምልክት ተደርጎበት በዚያው ካርድ ጀርባ ሰፍሯል።