«ይቻላቸዋል»

እኛ ተማሪዎች ቋንቋ የሐሳብ መልእክተኛ ብቻ ይመስለን ነበር። የውጫሌን ውል ታሪክ ስንማር ግን መልእክተኛው ጌታውን ሲመራ አየን።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ በወሎ፥ ውጫሌ ላይ የተፈራረሙት ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ነበር። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ይህ ቃል በእኛ አነጋገር ፈቃዱን ለባለቤቱ የሚተው ነው፤ ቢወዱ ይልካሉ፥ ባይወዱ ይተዋሉ። ለንጉሥማ «ግድ ነው» ተብሎ እንዴት ይነገራል! ኢጣልያንኛው ግን በዚያው ስፍራ «ተስማምተዋል» የሚል ግሥ አኖረ። ሮማም ይህን እንደ ግዴታ ቈጥራ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለኤሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ስለ ዘውዳቸው ለጻፉት ደብዳቤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ፥ ጉዳይዎ በኢጣልያ በኩል ይምጣ የሚል ሆነ።

እንዲህ ያለው ስሕተት እኛን በክፍል ውስጥ ማርክ ያስቀንሰናል። ዳሩ ግን አንቶኔሊ በሸዋ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው ስለ ሆነ፥ ነገሩ የአስተርጓሚ ስሕተት ብቻ ነው ለማለት እንቸገራለን። የሚያስገርመው፥ ይኸው ሰው በ1883 ዓ.ም. ለድርድር ተመልሶ መጥቶ፥ አንቀጹ እንዳለ ይቆያል ብሎ በፈረመበት የአማርኛ ወረቀት ላይ የተጻፈው የአንቀጹ መሰረዝ ሆኖ ተገኘ። ተቈጥቶም ሄደ።

ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ። ለጦርነቱ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺሕ ሰው ወደቀ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል የውጫሌው ተሻረ፤ ኢጣልያም የኢትዮጵያን ነጻነት ፍጹምና ያለ ገደብ መሆኑን በ3ኛው አንቀጽ ተቀበለች።