መብራቱ ከበራ ረፍዷል፦ የጌጅ ታሪክና የኮኪት–ጎንደር ዳገት

ከኮኪት ተነስቶ ጎንደር የሚገባ መኪና በአንድ ቀን ሁለት አየር ይተነፍሳል። ኮኪት በገንዳ ውሃና በመተማ ዮሐንስ መካከል ያለች የቆላ ከተማ ናት። በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይዘላል። የመተማ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ሲሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ሰሊጥ ወይም ጥጥ የጫነ መኪና ይህን ሁሉ ከፍታ ሽቅብ ይወጣዋል። በዚህ መንገድ ሞተር የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ ዳገቱ ብቻ አይደለም፤ ሹፌሩ ሞተሩ ውስጥ የሚሆነውን ሳያውቅ መውጣቱ ነው። ብዙ ፒክአፖችና ቀላል የጭነት መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ይዘው የሚመጡት አንድ የሙቀት ጌጅና አንድ የዘይት መብራት ብቻ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ታሪክ ውስጥ አለ።

የግፊት ጌጅ የተወለደው ከፍንዳታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ማሞቂያ ጋኖች በየፋብሪካው፣ በየባቡሩና በየመርከቡ እየፈነዱ ሰው ይፈጁ ነበር። በውስጣቸው ያለውን ግፊት በቀላሉ የሚያሳይ ጠንካራ መሣሪያ አልነበረም። በ1849 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን ፓሪስ ላይ አንድ ቀላል ነገር አስመዘገበ። ጠፍጠፍ ያለና የተቆለመመ የብረት ቱቦ ውስጡ ግፊት ሲበዛ ሊቃና ይሞክራል፤ ጫፉ ላይ የተያያዘው ጠቋሚም አብሮ ይዞራል። ዛሬም የጎማ ነፋስ የሚለካው ባለ ጠቋሚ ጌጅ በአብዛኛው የሚሠራው በዚያው ሐሳብ ነው።

መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ያስቸገረው ሙቀት ነበር። በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሞቶሜትር የተባለ ቴርሞሜትር በራዲያተር ክዳን ላይ ይተከል ጀመር፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አሻግሮ ያነበዋል። በኋላ ጌጁ ወደ ዳሽቦርድ ገባ። በ1932 ሀድሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዘይትና የዲናሞ ጌጆችን አውጥቶ በመብራት ተካቸው። መብራት ይረክሳል፤ ሹፌሩንም ከማንበብ ይገላግለዋል። ችግሩ መብራት የሚያውቀው ሁለት ቃል ብቻ መሆኑ ነው፦ ደህና ነው ወይም አልቋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ረጅም መንገድ አያሳይም።

የተርቦ ታሪክ ደግሞ ለደጋ አገር ሰው በተለይ ይቀርባል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ሐሳቡን በ1905 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ፦ ከሞተር የሚወጣው ትኩስ ጭስ ዝም ብሎ ከሚባክን ተርባይን ያዙር፤ ተርባይኑም ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ይግፋ። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሐሳቡን ለአውሮፕላን ሞተር ሊፈትን ፓይክስ ፒክ የተባለ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ላይ ወጣ። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 230 ወረደ። ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሆነ። ተርቦ ስሙን ያስመሰከረው በሳሳ አየር ላይ ነው ማለት ይቻላል። የጎንደር አየር ከባሕር ወለሉ በ22 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ደጋ የሚወጣ ናፍጣ ሞተር ያለ ተርቦ ምን ያህል እንደሚደክም መገመት አያስቸግርም።

ተርቦ ግን አሳቢ ይፈልጋል። በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የሚባል ተርቦ ያለው የቤት አውቶሞቢል ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ እንዳይጎዳ የተለየ ፈሳሽ ይጨመርለት ነበር። ብዙ ባለቤቶች ፈሳሹን መሙላት ቸል አሉ፤ ቅሬታው በዛ፤ መኪናው ከሁለት ዓመት በላይ አልተመረተም።

በኢትዮጵያ የጋራዥ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ይናገራል። ቴስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ሁሉም የጣሊያንኛ ልጆች ናቸው። በወረራው ዘመን ከመጡት መኪኖች አንዱ ፊያት 634 ሲሆን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ስም ከዚያ ቁጥር ወጥቷል። የመተማ መሬትም ማሽን መፈተን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ ብርጋዴር ስሊም ጣሊያኖችን ለማስለቀቅ ጋላባትንና መተማን ሲያጠቃ፣ ከታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋያማው መሬት ተሰናክለው ቆሙ።

ያኔ ፈተናው ድንጋይና ፈንጂ ነበር፤ ለዛሬ ሹፌር ደግሞ ውሃው ነው። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጎንደር ላይ ግን በ93 ገደማ። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ካረጀ ግን መኪናው ሽቅብ በወጣ ቁጥር፣ ሞተሩም ይበልጥ በለፋ ቁጥር፣ ውሃው በቀላሉ ይፈላል። የፋብሪካው የሙቀት ጌጅ ደግሞ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ሆን ተብሎ እንዲደነዝዝ ተደርጓል፤ ሙቀቱ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሲወጣና ሲወርድ ጠቋሚው መሃል ላይ ተገትሮ ይቆያል። ይባስ ብሎ ውሃው ጨርሶ ከፈሰሰ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ስለሚቀር ሞተሩ እየነደደ ጌጁ «ደህና» ሊል ይችላል።

ታዲያ የትኛው ጌጅ ይመረጥ? ዳሽቦርዱን በጌጥ መሙላት አያስፈልግም፤ አራቱ ይበቃሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም አለ። የመጀመሪያው የዘይት ግፊት ነው። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ የሚንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር አካባቢ ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜ ተርቦው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው እውነተኛ ቁጥር የሚያሳይ የውሃ ሙቀት ጌጅ ነው። ሦስተኛው የጭስ ሙቀት ነው። ፒስተን የሚሠራበት አሉሚኒየም 660 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ከተርቦው በፊት የሚለካው ጭስ ወደ 700 ተጠግቶ ከቆየ ማርሽ መቀነስና ነዳጅ ማላላት ግድ ነው። አራተኛው የተርቦ ግፊት ነው። እሱ ከጭስ ሙቀት ጋር አብሮ ሲነበብ ይናገራል፦ ግፊቱ ወርዶ ጭሱ ከጋለ ወይ የአየር ቱቦው ተቀዷል፣ ወይ ፊልትሮው በቆላው አቧራ ታፍኗል።

አገጣጠሙ ከምርጫው አያንስም። የዘይቱን ትኩስ ቱቦ እስከ ጋቢና ድረስ የሚያስገባ ጌጅ ቱቦው ቢፈነዳ ሹፌሩን ያቃጥላል፤ በሴንሰርና በሽቦ የሚሠራው ይሻላል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ጥርሱ ላይ ብዙ ቴፍሎን ከተጠቀለለበት መሬት አጥቶ የተሳሳተ ያነባል። የውሃው ሴንሰር ከቴርሞስታቱ በሞተሩ በኩል ይሁን። የጭሱ ሴንሰር ማኒፎልዱ ተፈትቶ ቢበሳ ይመረጣል፤ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ወደ ተርባይኑ ከገባች ጌጁ ሊያድነው የነበረውን ተርቦ ራሱ ያበላሸዋል። ሁሉም በፊውዝ ይለፍ። ከዚያ መኪናው ደህና በነበረበት ቀን ጠቋሚው የት እንደሚቆም ምልክት ይደረግ። ደህናውን የማያውቅ ሰው ሕመሙን አይለይም።

«ዛሬ ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበት ይቀንሳል» የሚሉ አሉ፤ ለአዳዲሶቹ እውነት ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማንበቢያም ብዙውን ቁጥር ያወጣል። ነገር ግን በአገሪቱ ብዙ ሸክም የሚጎትቱት ያን የማያውቁ አሮጌ ናፍጣዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ ጨመረ። ያለውን ሞተር ማቆየት ከዚያ ወዲህ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። አንድ የተቃጠለ ቴስታ ወይም የነከሰ ሞተር የአንድ ቤተሰብን እንጀራ ያስቆማል፤ ሰሊጡም መንገድ ላይ ያድራል።

ዳገቱ ካለቀ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ጎንደር የደረሰ ሹፌር ሞተሩን ወዲያው ካጠፋ፣ የጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ነድዶ ከሰል ይሆናል። የጭስ ጌጁ ከ200 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ድረስ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ይህን የሚነግር መብራት የለም።