የሐይቅ ከተማ ጥንትና ኑሮዋ

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማይቱ ስሟን የወሰደችው ከአጠገቧ ከተኛው ውኃ ነው፤ ዛሬም የተሁለደሬ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። ለሥራ፥ ለገበያ፥ ለትምህርትና ለሕክምና ማለዳ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጥቶ ማታ የሚመለሰው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ ሐይቅ የደሴ ጓሮ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን የጥንቱ ጉዞ እንዲህ አልነበረም፤ ደሴ የሚባል ከተማ ሳይቈረቈር ሰው የሚገሠግሠው ወደ ሐይቅ ነበርና።

በውኃው ላይ በነበረችው ደሴት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የተተከለው በ9ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል። ስሙ የገነነው ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ መንኵሰው በ1240 ዓ.ም. ግድም ወደዚያ ከመጡ በኋላ ነው። ደሴቲቱን የመነኮሳት ማኅበርና የትምህርት ቤት አደረጓት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል የተጻፈበት ዘመን 1273 ዓ.ም. መሆኑ በራሱ በመጽሐፉ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ዘመኑ በታወቀ መጽሐፍ ረገድ በአገራችን ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ብራና የሚዳምጠው፥ ቀለም የሚበጠብጠው፥ ቍም ጸሐፊው ሁሉ ቀለብ ይሻልና፥ ይህን ያህል ሥራ ያለ ርስትና ያለ ጕልት አይቆምም ነበር። የሐይቅ አበምኔትም ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ባለሥልጣኖች ጋር ይቈጠር ነበር።

በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር ደረሰባት፤ የተከማቸውም ሀብት ተወሰደ። የዐቃቤ ሰዓቱ ክብርም ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸውን ደሴ ላይ ካደረጉ ወዲህ ንግዱም ዳኝነቱም ወደዚያ ሳበ። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ኢጣልያኖች ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚወስደውን ጥርጊያ ለመኪና ሲያበጁት መንገዱ በሐይቅ በኩል አለፈ። በበቅሎ የቀን ጕዞ የነበረው በመኪና ከአንድ ሰዓት አነሰ። መንገዱ ለከተማይቱ ሻይ ቤቱን፥ ሱቁንና የመንገደኛውን ማደሪያ ሰጣት፤ ዳሩ ግን ታላቁ ገበያ ሲቀርባት ትልልቅ ነጋዴዎቿን ወስዶባታል።

ደሴ ያልወሰደው ሀብት ውኃው ነው። ጥንት አምባዛ ይገኝበት ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ግድም ቆሮሶ ተጨመረበትና ዓሣ ማስገሩ የብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነ። ሆኖም ውኃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ከተራራው የሚወርደው ደለልና ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ውኃው ከጥንቱ ስለ ሸሸ፥ ቀድሞ መነኮሳቱ በታንኳ ብቻ ይደርሱበት የነበረው ደሴት ዛሬ ከየብስ ጋር ተጋጥሟል፤ ወደ ገዳሙ የሚሄድ ሰውም በእግሩ ይገባል።